የከርሰ ምድር ሞዴል ፎቶ አይደለም፤ መነሻ ግምቱንም አብራችሁ አትሙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። የሳይንስ አምዳችሁን ዘወትር አነባለሁ። ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃን በኮምፒውተር ሞዴል ማጥናት ስለሆነ ስለ መሬት ውስጥ የምታወጡትን ጽሑፍ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ ነው የምገልጠው። ለዚህም ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ቅሬታዬ ምስሎቹ ላይ ነው። ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የመሬት ቁራጭ ታወጣላችሁ፤ ቀዩ ትኩስ፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ከሥሩ ደግሞ ተመራማሪዎች ከመሬት በታች ያለውን በኮምፒውተር ተመለከቱ ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አንባቢው ፎቶ መስሎት ያልፋል። ፎቶ አለመሆኑን የነገሩት ቀን ደግሞ «ለካ ግምት ነው!» ብሎ ሁሉንም አሽቀንጥሮ ይጥለዋል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል። ሞዴል እንዲህና እንዲህ ከሆነ ይሄ ይከተላል የሚል፣ በቁጥር የተሠራ ክርክር ነው። ክርክሩን ለመመዘን መነሻውን ማወቅ ግድ ይላል። እናንተ የምታትሙልን ግን መደምደሚያውን ብቻ ነው።

እስቲ ከመነሻው ልጀምር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መሬትን ቆፍሮ ማየት አይቻልም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ተሞክሯል። ሶቪየቶች በኮላ ልሳነ ምድር፣ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ፣ በ1970 መቆፈር ጀመሩ። በ1989 12,262 ሜትር ላይ ደረሱ። እስከ ዛሬ በጥልቀት የሚስተካከለው ጉድጓድ የለም። ከመሬት ገጽ እስከ መካከሏ ያለው ርቀት ግን 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ያ ሁሉ ድካም መንገዱ ለ500 ቢካፈል አንዱን እጅ እንኳ አልሞላም! ታችኛው ጫፍ ላይ የጠበቁት ሙቀት 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነበር፤ ያገኙት 180 ሆነ።

ከሙቀቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው። ከቁፋሮው በፊት የርዕደ ምድር ሞገድ እዚያ አካባቢ ተለክቶ ነበር። ወደ 7 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ የሞገዱ ፍጥነት ስለሚለወጥ፣ እዚያ ላይ ግራናይቱ አልቆ ባዛልት ይጀምራል ተባለ። መሰርሰሪያው ደረሰ። ባዛልት የሚባል የለም። ያው ግራናይት ነው፣ ግን የተሰነጣጠቀና ውሃ ያዘለ። ልኬቱ እኮ አልዋሸም፤ የሞገዱ ፍጥነት በእርግጥ ተለውጧል። የተሳሳተው ለልኬቱ የተሰጠው ምክንያት ነው። ከመሬት በታች ያለው ፈተና በሙሉ እዚህች ላይ ነው ያለው፤ አንዱን ልኬት ሁለትና ሦስት የተለያየ ነገር ሊያስከትለው ይችላል።

ቆፍሮ መድረስ ካልተቻለ ከላይ ሆኖ ማዳመጥ ነው የቀረው። በርሜል በጣቱ አንኳኩቶ ውሃው የት ድረስ እንደሆነ እንደሚያውቅ ሰው ማለት ነው። አንኳኪው ራሱ የመሬት መንቀጥቀጡ ነው፣ ሞገዱ መሬትን አቋርጦ በሌላ በኩል ሲወጣ መሣሪያዎች ይመዘግቡታል። ክሮኤሺያዊው ሞሆሮቪቺች በ1909 የመሬት ቅርፊት የት እንደሚያበቃ ያወቀው በዚህ መንገድ ነው። ዴንማርካዊቷ ኢንጌ ሌማን ደግሞ፣ ሞገድ መድረስ በማይገባው ቦታ ደርሶ በማየቷ፣ በ1936 የመሬት እምብርት ውስጥ ሌላ ውስጠኛ እምብርት እንዳለ አሳወቀች። ያኔ ኮምፒውተር አልነበረም። በወረቀትና በእርሳስ ነው ያሰሉት። ኮምፒውተሩ በኋላ ሲመጣ የጨመረው ብዛትን ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ መንቀጥቀጦችን ሞገድ አንድ ላይ ይዞ፣ ውስጡ ምን ቢሆን ነው ይህ ሁሉ በዚህ ሰዓት የደረሰው ብሎ ወደ ኋላ ማስላት ተቻለ። በዚህ ስሌት ነው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከሰሜን አሜሪካ ሥር የገባው የፋራሎን ሰሌዳ የሚባል ግዙፍ የመሬት ገጽ ቁራጭ ዛሬም ማንትል ውስጥ፣ ማለትም ከቅርፊቱ በታች ባለው ወፍራም የአለት ንብርብር ውስጥ፣ ጠልቆ ሲወርድ የተገኘው። ያ ቀይና ሰማያዊ ምስላችሁም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ስሌት የወጣ ነው። ቀለሙ ሞገዱ የፈጠነበትንና የዘገየበትን ቦታ ነው የሚነግረን። ትኩስና ቀዝቃዛ የሚለው ከዚያ በኋላ የመጣ ትርጉም ነው። አለቱ የተሠራበት ማዕድን ቢለይም ሞገዱ ሊዘገይ ይችላል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከምስሉ ሥር ብትጨምሩ ምን ይጎድልባችኋል?

አሁን ወደማውቀው ልምጣ፤ ወደ ውሃው።

የከርሰ ምድር ውሃ ሞዴል ሲሠራ መሬቱ በኮምፒውተር ውስጥ በትናንሽ ሳጥኖች ይከፋፈላል። ለእያንዳንዱ ሳጥን ውፍረት ይሰጠዋል፣ ውሃ የማሳለፍ አቅም ይሰጠዋል፣ ከዝናብ ምን ያህል እንደሚሰርግበት፣ በጉድጓድ ምን ያህል እንደሚሳብበት ይነገረዋል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ከሳጥን ወደ ሳጥን የሚያልፈውን ውሃ ያሰላል። የሚሠራበት ሕግ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዳርሲ በ1856 ውሃን በአሸዋ ውስጥ አሳልፎ ያገኘው ነው። ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ሞድፍሎው የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለማንም በነፃ የሚሰጠው ነው። ሕጉ ግልጽ፣ ፕሮግራሙ በእጅ። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ሳጥኖቹ ውስጥ የሚገባው ቁጥር ላይ ነዋ! ውሃ የማሳለፍ አቅም ከጠጠር እስከ ጠጣር አለት ድረስ ሲለያይ፣ ልዩነቱ 1 ተጽፎ ከኋላው 13 ዜሮ እስኪደረደር ይደርሳል። ጉድጓድ ያለው ደግሞ እዚህ አንድ፣ እዚያ ማዶ አንድ ነው። በመካከሉ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ በግምት ይሞላሉ። ከዚያ ሞዴሉ ያሰላው የውሃ ከፍታ ጉድጓዶቹ ላይ ከተለካው ጋር እስኪገጥም ቁጥሮቹ ይስተካከላሉ። ሲገጥም ሁሉም ደስ ይለዋል። ሪፖርቱ ይጻፋል። ለእናንተም ይላካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ለረጅም ጊዜ ሳይናወጥ የቆየ የውሃ ክምችት አለ እንበል። ከዝናብ የሚሰርገውን ውሃ እጥፍ አድርጌ፣ የአለቱንም ውሃ የማሳለፍ አቅም እጥፍ ባደርገው፣ የጉድጓዶቹ የውሃ ከፍታ ንቅንቅ አይልም። እጥፍ ውሃ ይገባል፣ በእጥፍ ፍጥነት ይወጣል፣ ከፍታው ያው ነው። ስለዚህ ሁለት ሞዴሎች ቁጭ ይላሉ፤ ሁለቱም ከልኬቱ ጋር እኩል የገጠሙ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ካርታ የሚስሉ። ግን በየዓመቱ ምን ያህል ውሃ ይታደሳል ብላችሁ ብትጠይቋቸው አንደኛው የሌላውን እጥፍ ይነግራችኋል። ከተማ ስንት ሰው ያጠጣል፣ ስንት ሄክታር ይለማል የሚለው ውሳኔ የሚቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ካርታው ግን ምንም አይነግራችሁም፣ አምሮ ታትሟል።

መፍትሔው እንቆቅልሽ አይደለም። ከምንጩና ከወንዙ የሚወጣውን ውሃ መለካት ነው፤ ያኔ ስንት እንደሚያልፍ ይታወቃል። የውሃውን ዕድሜም መለካት ይቻላል፣ ውሃው ውስጥ ባሉና በጊዜ ብዛት እየመነመኑ በሚሄዱት በትሪቲየም ወይም በካርቦን 14። ከሁለቱ ሞዴሎች አንዱ ወዲያው ይወድቃል። ሞዴሉ እንግዲህ ለዚህ ነው የጠቀመን፤ ቀጥሎ የቱን መለካት እንዳለብን ነገረን። ለእኔ ከማንኛውም ባለቀለም ምስል ይህ ይበልጥብኛል፣ ጋዜጣ ላይ ሲጻፍ ግን አይቼው አላውቅም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ሎርድ ኬልቪን በ1862 የመሬትን ዕድሜ አስልቶ ነበር። መሬት ቀልጣ ጀመረች፣ እንደ ጠጣር አካል ከላይ ወደ ውስጥ ቀስ እያለች ቀዘቀዘች ብሎ ተነሳ። ወደ ታች ሲኬድ ሙቀቱ በምን ያህል እንደሚጨምር ማዕድን ማውጫዎች ላይ ተለክቶ ይታወቅ ነበር። ሒሳቡ እንከን አይወጣለትም። ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት አለ፤ በኋላ ላይ እያጠበበ ወደ ታችኛው ቁጥር ተጠጋ። ጂኦሎጂስቶች አለቱን እያዩ ጊዜው አይበቃም ቢሉም፣ የኬልቪንን ስም የሚደፍር ብዙም አልነበረም። በ1895 የቀድሞ ረዳቱ ጆን ፔሪ ተነሳ። ሒሳቡን አልነካውም። መነሻውን ነው የጠየቀው፤ ውስጡ ሙቀትን ከቅርፊቱ በተሻለ የሚያስተላልፍ ከሆነስ? እየተንቀሳቀሰ ከታች ሙቀት የሚያመጣ ከሆነስ? ያኔ ከላይ የሚለካው ሙቀት ሳይለወጥ ዕድሜው ወደ 2 እና 3 ቢሊዮን ዓመት ይወጣል አለ። ዛሬ 4.5 ቢሊዮን ገደማ እንደሆነ እናውቃለን፣ ማንትሉም በእርግጥ በዝግታ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሰው ኬልቪን የተሳሳተው ሬዲዮአክቲቪቲን፣ ማለትም አለት ውስጥ ያሉ አንዳንድ ንጥረ ነገሮች ራሳቸው ሙቀት እንደሚያመነጩ፣ ስላላወቀ ነው ይላል። ትልቁ ስህተት ግን ፔሪ የጠቆመው ነበር። ያን ጊዜ ጋዜጦች ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን «ውስጧ የማይንቀሳቀስ ከሆነ» የምትለዋንም አብረው ቢያትሙ ክርክሩ ቀድሞ ይነሳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ለሌላው ወገን ልናገር፤ ሞዴልን እንደ ጥንቆላ ለሚያየው ማለቴ ነው። ይህም ውሃ አያነሳም። በኖቬምበር 2023 አይስላንድ ውስጥ ግሪንዳቪክ የምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ሥር ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ ቅልጥ አለት፣ መግባት ጀመረ። ዓይን የሚያየው ማግማ አልነበረም። የታየው መንቀጥቀጡ፣ የጂፒኤስ ጣቢያዎች መንሸራተት፣ በሳተላይት ራዳር የተለካው የመሬት መነሳትና መውረድ ነው። ከመሬት በታች ምን ዓይነት ስንጥቅ ቢከፈት ነው ገጹ እንዲህ የሚሆነው ብለው አሰሉ፤ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ከከተማዋ ሥር የሚያልፍ የማግማ ግድግዳ ወጣላቸው። 3,800 ገደማ ነዋሪዎች በዚያችው ሌሊት ከቤታቸው ወጡ። ዲሴምበር 18 ላይ እሳተ ገሞራው ከከተማዋ ሰሜን ፈነዳ። በጃንዋሪ 2024 ቅልጥ አለቱ ቤቶች ድረስ ገብቶ አቃጠለ። በ2005 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ መሬት ስትሰነጠቅም ያው ዓይነት ስሌት ነው፣ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝምና እስከ 8 ሜትር የተከፈተ የማግማ ግድግዳ ከሥሩ እንደገባ ያሳየን። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሞዴሎች ጠንካራ የሆኑት ልኬቱ ብዙና ከየአቅጣጫው ስለሆነ፣ ጥያቄውም ጠባብ ስለሆነ ነው።

ልኬት ሲጎድል የሚሆነውን ደግሞ ደቡብ ኮሪያ አይታለች። ፖሃንግ ላይ ከትኩስ አለት ኃይል ለማውጣት ውሃ በግፊት ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ይገባ ነበር። በኖቬምበር 2017 መጠኑ 5.4 የሆነ መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታ። ሰዎች ተጎዱ፣ ሕንፃዎች ተሰነጠቁ። መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በ2019 መንቀጥቀጡን ያስነሳው ወደ ጉድጓዱ የገባው ውሃ ነው ብሎ ደመደመ። ውሃው ቀድሞ ያልታወቀ ስንጥቅ ላይ ነው የደረሰው። ሞዴል ውስጥ የሌለ ስንጥቅ ደግሞ ሞዴል ውስጥ አይንቀሳቀስም። የፈለገውን ያህል ኃይለኛ ኮምፒውተር ቢመጣ ይህን አይለውጠውም። ለዚህ ነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመሬትን ውስጥ ሊገልጥልን ነው የሚል ርዕስ ሳይ ሆዴ የሚባባው። ገንዘቡ ወደ ማሽኑ እየሄደ መለኪያ የተገጠመላቸው ጉድጓዶች ሲዘጉ፣ የሚቀረን ፈጣን ግምት ብቻ ነው።

ከሁሉ የምወደውን ምሳሌ ልንገራችሁ። ኖርዌይ በሰሜን ባሕር ስላይፕነር በሚባል የጋዝ ማውጫ ከ1996 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በዓመት ወደ አንድ ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከባሕሩ ወለል በታች ባለ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ስታስገባ ቆይታለች። ጋዙ የት ደረሰ የሚለውን ለማወቅ በየጥቂት ዓመቱ የድምፅ ሞገድ ልከው መልሰው ይለኩታል። በልኬቱ ላይ ጋዙ በዘጠኝ ንብርብር ተከፋፍሎ ታየ። በመካከላቸው ያለው ስስ የሸክላ ድንጋይ ነው፤ ጋዙን በከፊል ያግደዋል፣ በከፊል ያሳልፈዋል። የላይኛው ንብርብር ላይ ደግሞ መስፋፋቱ ከመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ፈጥኖ ተገኘ። ሞዴሉ ተስተካከለ። ቀጣዩ ልኬት መጣ፣ እንደገና ተነጻጸረ፣ እንደገና ተስተካከለ። መረጃውም ለሌሎች ተመራማሪዎች ተሰጥቶ የራሳቸውን ሞዴል ፈትነውበታል። የእኔ እምነት እንዲህ ዓይነት ሞዴል ላይ ነው፤ አንዴ ታትሞ የሚቀረው ላይ ሳይሆን በየጊዜው ከመሬቱ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው ላይ።

ሁሉም ሞዴል ለትንበያ የሚሠራ እንዳልሆነም አንድ ቃል ልጨምር። በ1995 ግላትዝማየርና ሮበርትስ የተባሉ ተመራማሪዎች የመሬት መግነጢስ ከፈሳሹ እምብርት እንዴት እንደሚመነጭ በኮምፒውተር ሠርተው አሳዩ። በመሃል፣ ማንም ሳያዘው፣ ሰሜንና ደቡቡ ተገላበጠ። የመሬትም መግነጢስ በታሪኳ ብዙ ጊዜ እንደተገላበጠ ከአለቶች እናውቃለን። የእነሱ ፈሳሽ ከእውነተኛው እምብርት እጅግ የወፈረ ነበር፣ ኮምፒውተሩ ሌላውን ስለማይችል። ስለዚህ ቀጣዩ መገላበጥ መቼ እንደሆነ አይነግረንም፣ እነሱም አላሉም። የነገረን መግነጢሱ ያለ ውጭ ግፊት ራሱን ሊገለብጥ እንደሚችል ነው። ይህ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ትንበያ ነው ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ግን ሥራውን ያበላሸዋል።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። ከመሬት በታች ያለ ነገር ምስል ስታትሙ፣ የተለካባቸውን ነጥቦች እዚያው ምስል ላይ አስቀምጡልን፤ ጉድጓዱ የት እንደሆነ፣ የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያው የት እንደሆነ፣ ባዶ የሆነውም የት እንደሆነ ይታየን። መነሻ ግምቱን በአንዲት መስመር ጻፉት። ቁጥር ከሆነ አንዱን ብቻ ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚለውን ስጡን፣ አንባቢ ይከብደዋል ብላችሁ አታስቡ፤ የዝናብ ትንበያ ላይ ለምደነዋል። ሪፖርተራችሁ ተመራማሪውን ሲያገኘው ደግሞ ምን አገኛችሁ ከሚለው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅልኝ፦ ሞዴላችሁ ስህተት ቢሆን የትኛው ልኬት ነው የሚያጋልጠው? ልኬቱስ መቼ ይደረጋል? መልሱን ከነቀኑ አትሙት። ቀኑ ሲደርስም ተመልሳችሁ ጠይቁልን።

አክባሪያችሁ፣
የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ